ትኋንና ኀፍረት በእንግዳ ማረፊያ ቤቶች

ለሰው ጤና ጠንቅ የሆኑ ተባዮች ሁሉ እየራሳቸው መደበቂያ አላቸው። ቅማል በልብስ ስፌት፥ ቁንጫ በወለል ትቢያ፥ አይጥ በጎተራ ሥር ይሸሸጋል። ትኋን ግን ከአልጋ ስንጥቅ ሌላ፥ ከስንጥቁም የሚበልጥ፥ አንድ መደበቂያ አለው፤ ይኸውም የሰው ኀፍረት ነው። በአልጋው ላይ ትኋን ያገኘ ባለ ሆቴል ወሬው እንዳይወጣ ይደብቃል። የተነከሰው እንግዳም ቤቱ ሲመለስ «ትኋን ይዞብን መጣ» እንዳይባል ዝም ይላል። አልጋ አንጣፊዋ ደግሞ ጥፋቱ በእርሷ እንዳይሳበብ አይታ እንዳላየች ታልፋለች። ሦስቱም ዝም ባሉ ቍጥር ተባዩ ይራባል። በዚህ ወር ልንገልጸው የፈለግነው ሐሳብ ይህ ነው፤ በእንግዳ ማረፊያ ቤት ትኋን መገኘቱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ መገኘቱን እያወቁ መደበቅ ነው።

ጉዳዩን ለሞላሌና ለመንዝ ሕዝብ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ሞላሌ የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ እንደ መሆኗ መጠን የሚያድርባት እንግዳ ብዙ ነው። ለመንግሥት ሥራ ከደብረ ብርሃን የሚወጣው ሠራተኛ፥ በግና ገብስ የሚገዛው ነጋዴ፥ መኪናውን አቁሞ የሚያድረው ሹፌርና ረዳቱ፥ ለተዝካር ወይም ለሠርግ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዘመድ፥ የዘመድ ቤት ካልበቃው፥ አልጋ ተከራይቶ ያድራል። ጭላዳ ዝንጀሮንና ቀይ ቀበሮን ለማየት ወደ ጓሳ የሚያልፈው ጎብኚም ከመንዝ ከተሞች በአንዱ ማረፉ አይቀርም። ትኋን ክንፍ የለውም፤ መዝለልም አይችልም፤ ከከተማ ወደ ከተማ የሚሄደው በሰው ሻንጣ፥ በሰው ብርድ ልብስና በሰው ጓዝ ውስጥ ተሸሽጎ ነው። ስለዚህ መንገደኛ የሚያድርበት አልጋ ለትኋን እንደ መኪና መናኸሪያ ነው፤ ከየአገሩ መጥቶ ይወርድበታል፤ ወደየአገሩም ይሳፈርበታል።

ስለ ብርድ የሚነገረው

አንዳንድ ሰዎች «ትኋን የቆላ ተባይ ነው፤ የመንዝ ብርድ ይገድለዋል» ሲሉ እንሰማለን። ይህ አነጋገር ትክክል አይደለም። ብርድ ትኋንን ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም። በሞቀ ክፍል ውስጥ እንቁላሉ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ይፈለፈላል፤ በብርዳም ክፍል ግን ብዙ ጊዜ ይወስዳል፤ እድገቱም ይጓተታል። ዳሩ ግን ያው ብርድ የሰውነቱን ሥራ ስለሚያቀዘቅዝ፥ ሳይበላ የሚቆይበትን ጊዜ ያረዝምለታል። ትኋን ያለ ምግብ ብዙ ወራት ይቆያል፤ በቀዝቃዛ ስፍራ ከዓመት በላይ ሊቆይ እንደሚችልም በምርምር ታይቷል። በብርድ ለመግደል ቢፈለግ ልብሱን ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ 4 ቀን ያህል ማኖር ያስፈልጋል። የመንዝ ውርጭ ሜዳውን ቢያነጣውም ወደዚህ መጠን አይደርስም፤ ደግሞም ሰው በሚተነፍስበትና ባና በተደረበበት አልጋ ውስጥ ውርጭ አይገባም። እንግዲህ ክረምቱን ሙሉ ተዘግቶ የከረመ ክፍል ትኋኑ በራብና በብርድ አልቆለታል ብሎ ማከራየት ራስን ማታለል ነው። የተራበው ትኋን ከስንጥቁ ውስጥ ሆኖ የመጀመሪያውን እንግዳ ይጠብቃል።

ተባዩን ለይቶ ስለ ማወቅ

ያደገ ትኋን ጠፍጣፋና ቡናማ፥ እግሩም ስድስት ነው። ርዝመቱ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ሲሆን በመልኩም በመጠኑም አንድ የምስር ፍሬ ይመስላል። ደም ከጠጣ በኋላ ይነፋል፥ ይረዝማል፥ ይቀላልም። እንቁላሉ ነጭ ሆኖ የጤፍ ፍሬ ያህላል፤ ከእንጨትና ከጨርቅ ጋር የተጣበቀ ስለ ሆነ በመጥረጊያ ብቻ አይለቅም። ከእንቁላል የወጣው ግልገል እስኪያድግ ድረስ 5 ጊዜ ቆዳውን ይለውጣል፤ ቆዳውን በለወጠ ቍጥርም አስቀድሞ ደም መጥባት አለበት። አንዲት ሴት ትኋን በዕድሜዋ 200 እንቁላል፥ ከዚያም በላይ ልትጥል ስለምትችል፥ በአንድ ሻንጣ የገባች አንዲት ትኋን ክፍሉን ለመውረስ ትበቃለች።

በዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጥ መናገር ይገባናል። ትኋን በንክሻው በሽታን ከሰው ወደ ሰው እንደሚያስተላልፍ እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። ቅማል ግን ያስተላልፋል፤ ተስቦና የሚያገረሽ ትኩሳት የሚመጡት በልብስ ቅማል ነው። በደጋው አገር ሰው ከብርዱ የተነሣ ልብሱን ደራርቦ ስለሚለብስና ሌሊትም ስለማያወልቅ ለቅማል የተመቸ ነው። ስለዚህ ሰውነቱን የሚያሳክከው ሰው መጀመሪያ የልብሱን ስፌት ይመልከት፤ ቅማል ያገኘና ትኩሳት የያዘው ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የትኋን ጉዳት ሌላ ነው። እንቅልፍ ይነሣል፤ የታከከው ቍስል ይመረቅዛል፤ ሰውየው ወደ መኝታው በሄደ ቍጥር ይጨነቃል፤ ተባዩ እጅግ በበዛበት ቤትም ሕፃናት በደም ማነስ ሊጎዱ ይችላሉ። በሽታ አያስተላልፍም ተብሎ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን እንደ ወረርሽኝ የሚያስደነግጥና ቤት የሚያዘጋም አይደለም። ይህን ልዩነት ማወቅ ኀፍረቱንም ድንጋጤውንም በልክ ለማድረግ ይረዳል።

ስለ ፍለጋው

ትኋን የሰውን ሙቀትና እስትንፋስ ተከትሎ ሌሊት ይወጣል፤ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቶ ወደ መሸሸጊያው ይመለሳል። መሸሸጊያውም ብዙውን ጊዜ ከተኛው ሰው አጠገብ ነው። ስለዚህ ፍለጋው ከአልጋው ተጀምሮ ወደ ግድግዳው ይሂድ። የሚያስፈልገው መሣሪያ አንድ የእጅ ባትሪ፥ ወደ ስንጥቅ የሚገባ አንድ ጠንካራ ካርድና ትዕግሥት ነው። በውጭ አገር በማሽተት ትኋን የሚያገኙ የሠለጠኑ ውሾች አሉ፤ ነገር ግን ተግታ የምትፈልግ አልጋ አንጣፊ ከሁሉ ትበልጣለች።

በመጀመሪያ አንሶላው ተገልጦ የፍራሹ ስፌት ዙሪያውን ይታይ። ቀጥሎ አልጋው ከግድግዳው ተስቦ የራስጌው ጀርባ፥ የእንጨቱ መጋጠሚያ፥ የብሎኑ ቀዳዳ ይመርመር፤ የጠፍር አልጋ ከሆነ ጠፍሩ ከእንጨቱ ጋር የታሰረበት ቦታ ሁሉ ይታይ። ከዚያም ኮመዲኖው፥ የሥዕሉ ጀርባ፥ የመብራቱ ማብሪያ ክዳን ይፈተሽ። የአገራችን ቤት ደግሞ የራሱ የሆኑ መሸሸጊያዎች አሉት። በጭቃ የተመረገ ግድግዳ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ ለዓይን ቢያምርም፥ ከጀርባው ለትኋን ሰፊ ክፍል ነው። የአቡጀዲ ኮርኒስም በምስማር ከተወጠረበት ዳር ዳሩን ሊታይ ይገባል።

የሚፈለገው ሕይወት ያለው ትኋን ብቻ አይደለም። እንደ ብዕር ቀለም ጠብ ጠብ ያለ ጥቁር ነጥብ ኩሱ ነው፤ በውሃ በረጠበ ጨርቅ ቢነካ ይቀልማል። ቀላልና ባዶ የሆነ ቡናማ ቅርፊት ያወለቀው ቆዳ ነው። በአንሶላ ላይ የሚታየው የደም ጭረት እንግዳው በእንቅልፉ የጨፈለቀው ነው። ከእነዚህ አንዱ በተገኘ ጊዜ ክፍሉ ትኋን አለበት ብሎ መጠርጠርና ፍለጋውን ማጥበቅ ይገባል።

ንክሻ ብቻውን ግን በቂ ማስረጃ አይሆንም። አንዱ ሰው በማግሥቱ ያብጣል፤ ሌላው ከብዙ ቀን በኋላ ያሳክከዋል፤ ሌላው ደግሞ ምንም ምልክት አያይበትም። በሞላሌ ያደረ እንግዳ የሚያከው እብጠት ከሦስት ቀን በፊት በሌላ ከተማ የተነከሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ባለ ሆቴሉ «ከእኔ ቤት አይደለም» ብሎ ከመማሉ፥ እንግዳውም «ከአንተ ቤት ነው» ብሎ ከመማሉ በፊት፥ ሁለቱ አብረው ባትሪ ይዘው አልጋውን ይመልከቱ። ጭቅጭቁን የሚፈርደው የፍራሹ ስፌት ነው።

ስለ ማጥፋቱ ሥራ

ትኋንን ለማጥፋት ከሁሉ የታመነው መሣሪያ ሙቀት ነው። ከ50 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት በደረሰበት ጊዜ ትኋኑም እንቁላሉም ወዲያው ይሞታል። ሞላሌ ወደ 3000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላባት እንደ ቆላ አገር በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህም ለሥራው ከበቂ በላይ ነው። አንሶላና የትራስ ልብስ በፈላ ውሃ ይቀቀል። የሣር ወይም የጭድ ፍራሽ ከሆነ ሣሩ ይቃጠልና ከረጢቱ ይቀቀል። የአልጋው እንጨት ተፈታትቶ በየመጋጠሚያው የፈላ ውሃ ይፍሰስበት።

ፀሐይ ላይ ማስጣት መልካም ልማድ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። በደጋ ፀሐይ የፍራሹ ላይኛው ገጽ ቢሞቅም ውስጡ ስለማይሞቅ፥ ትኋኑ ወደ ጥላው ጎን ዞሮ ይተርፋል።

የመንዝ ባና ግን እንዴት ይሁን? ባና ቢቀቀልና ቢታሽ ተኮማትሮ ይበላሻል፤ ሀብትም ስለ ሆነ አይቃጠልም። ለዚህ የሚሆን አንድ ቀላል ዘዴ አለ። በ1907 ዓ.ም. በሰርቢያ አገር የተስቦ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ፥ ለእርዳታ የሄዱ የእንግሊዝ ሐኪሞች የወታደሩን ልብስ ከቅማል ለማጽዳት ተራ በርሜል ተጠቀሙ። የበርሜሉን ታች በስተው ውሃ በሚፈላበት ድስት ላይ አቆሙት፤ ልብሱን ሳያጨናንቁ ከውስጥ ሰቀሉ፤ ከላይ ከባድ ክዳን ጫኑበት። እንፋሎቱ ከታች ገብቶ በልብሱ መካከል እያለፈ ቅማሉንም ጭሩንም ፈጀው። ይህ በርሜል እስከ ዛሬ «የሰርቢያ በርሜል» እየተባለ ይጠራል። ለቅማል የሆነው ለትኋንም ይሆናል። ባናው ሳይታሽና ሳይጠመዘዝ ተሰቅሎ፥ እንፋሎቱ በክዳኑ ዳር በኃይል መውጣት ከጀመረ በኋላ 1 ሰዓት ያህል ይቆይ፤ ከዚያም በንፋስ ይድረቅ። በርሜል በከተማው ሁሉ ይገኛል፤ በአንድ ቀን ሥራ ሁለት ተባይ ማጥፋትም እንጨትና ኩበት ለተወደደበት አገር የሚጠቅም ቁጠባ ነው።

ወደ በርሜል የማይገባው የስፖንጅ ፍራሽ ስፌቱ በከሰል ካውያ ሙቀት በጥንቃቄ ተዳሶ፥ ቀዳዳ በሌለው ጠንካራ ልብስ ዙሪያውን ይሰፋበት፤ ልብሱም ዓመት እስኪያልፍ አይፈታ። ትኋን ያለበትን ፍራሽ ወደ ሌላ ክፍል ማዛወር ወይም ገበያ አውጥቶ መሸጥ ግን ተባዩን ማከፋፈል ነው።

የግድግዳው ስንጥቅ ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ ይመረግ፤ የተለጠፈው ጋዜጣ ተልጦ ይቃጠል፤ ግድግዳው ኖራ ይቀባ። በነጭ ግድግዳ ላይ የትኋን ነጥብ ከሩቅ ይታያል። አልጋው ከግድግዳ አንድ ክንድ ይራቅ፤ ብርድ ልብሱ ወለል አይንካ፤ የአልጋው እግሮች ጎናቸው ለስላሳ በሆነ የፕላስቲክ ሳሕን ውስጥ ይቁሙ። ትኋን በለስላሳ ፕላስቲክ ላይ መውጣት ስለማይችል እዚያው ተይዞ ይገኛል። ሥራው ከተፈጸመ በኋላ ከ2 ሳምንት በኋላ እንደ ገና ይፈለግ፤ በብርዱ አገር እንቁላሉ ዘግይቶ ሊፈለፈል ስለሚችልም ፍለጋው እስከ 2 ወር ድረስ አይቋረጥ።

ስለ መርዝ

ወደ አሳሳቢው ነገር እንመለስ። ትኋን ያገኘ ሰው በኀፍረትና በችኮላ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ መርዝ ነው። ለዘመናት ዓለም ሁሉ በዲዲቲ ተመክቶ ነበር፤ ተባይ ገዳይነቱን ያገኘው የስዊስ ሊቅ ፓውል ሙለር በ1941 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ነገር ግን ገና በ1940 ዓ.ም. ገደማ በሃዋይ ደሴቶች ዲዲቲ የማይገድለው ትኋን ተገኘ፤ ከዚያም በኋላ በብዙ አገር ተለመደ። በ1993 ዓ.ም. በስቶክሆልም የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት ዲዲቲ በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል ብቻ እንዲውል ስለ ወሰነ፥ በአልጋ ላይ የሚነሰነስበት ምክንያት የለም። ዛሬ በየሱቁ ፍሊት እየተባለ የሚሸጠውም ቢሆን፥ ብዙ የትኋን ወገን ስለ ተላመደው፥ አንዳንዱን ገድሎ የቀረውን ወደ ጎረቤት ክፍል ያሰድዳል።

ከዚህም የባሰው ለእርሻና ለእህል የተሠራውን መርዝ ወደ መኝታ ማምጣት ነው። ማላታየን ለሰብል እንጂ ለፍራሽ አልተሠራም። የጎተራ ነቀዝ የሚገድለው የፎስቶክሲን ክኒን እርጥበት ሲያገኝ ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ ሰው በሚተኛበት ቤት፥ በጎረቤት ክፍልም ቢሆን፥ ፈጽሞ ሊገባ አይገባም። ላምባ በአልጋ መጋጠሚያ ማፍሰስም ሻማና ኩራዝ በሚበራበት ቤት እሳት መጋበዝ ነው።

ይህ ማስፈራሪያ ብቻ እንዳይመስል አንድ የታወቀ ጉዳይ እንጥቀስ። በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም. በግብፅ የባሕር ዳር ከተማ በሁርጋዳ፥ ከእንግሊዝ አገር ለዕረፍት የመጡ ባልና ሚስት በሆቴል ታመው በአንድ ቀን ሞቱ። ጉዳዩን የመረመረው የእንግሊዝ አገር የአሟሟት መርማሪ በ2016 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ፥ የሞታቸው ምክንያት ካርቦን ሞኖክሳይድ መሆኑን፥ ይህም ለትኋን ተብሎ በአጠገባቸው ባለው ክፍል ከተረጨው መድኃኒት ማቅጠኛ የመጣ መሆኑን ገለጠ። በሁለቱ ክፍሎች መካከል የሚያገናኝ በር ነበረ። ልብ በሉ፤ ገዳዩ ትኋኑ አልነበረም፤ መድኃኒቱ ነው። ስለዚህ መርዝ የሚያስፈልግ ሆኖ ከተገኘ፥ የሚረጨው በዓይነቱም በመጠኑም የተፈቀደውን በሚያውቅ ባለሙያ፥ እንግዶች ሁሉ ከአጠገቡ በራቁበት ጊዜ ይሁን።

ስለ ኀፍረት

ለመሆኑ ሰው ትኋንን ለምን ይደብቃል? የድኅነትና የቆሻሻነት ምልክት አድርጎ ስለሚቆጥረው ነው። ይህ ግን ስሕተት መሆኑን የዓለም ታሪክ ያስረዳል። በ2016 ዓ.ም. መግቢያ በፓሪስ ከተማ ስለ ትኋን የተነሣው ሽብር በጋዜጣ ሁሉ ተጽፏል፤ በሲኒማ ቤትና በባቡር ሳይቀር ታየ ተባለ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የፈረንሳይ መንግሥት የጤና ደኅንነት መሥሪያ ቤት ባወጣው ጥናት፥ ከ2017 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ድረስ በነበሩት ዓመታት ከፈረንሳይ ቤተ ሰቦች ከ10ሩ ከ1 የሚበልጠው ትኋን እንደ ገባበት ተገልጧል፤ የገቢ ማነስና መብዛትም በዚህ ላይ ልዩነት እንደማያመጣ ተመልክቷል። ትኋን የሚፈልገው የሰው ደምና ጠባብ ስንጥቅ ነው እንጂ ቆሻሻ አይደለም። ንጹሕ ቤት ትኋንን ፈጥኖ ለማግኘት ይረዳል እንጂ በሻንጣ እንዳይገባ አይከለክልም።

እኛም ለትምህርት በውጭ አገር በነበርንበት ጊዜ፥ በአንድ የተማሪዎች ማደሪያ በር ላይ «በዚህ ክፍል ትኋን ተገኝቷል፤ ሥራው እስኪፈጸም ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አይተናል። ወረቀቱን የለጠፈው ራሱ የክፍሉ ተማሪ ነበር። ማንም አልሳቀበትም፤ ጎረቤቶቹ ሁሉ በዚያው ቀን የየራሳቸውን አልጋ ገለጡ፤ ከእነርሱም መካከል በሁለቱ ዘንድ ተገኘ። እርሱ አፍሮ ዝም ቢል ኖሮ ሁለቱ በስንት ወር በኋላ ያውቁ ነበር? የኒው ዮርክ ከተማም በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ በወጣ ሕግ፥ ቤት የሚያከራይ ሰው ባለፈው ዓመት በቤቱ ትኋን ተገኝቶ እንደ ሆነ ለሚገባው ተከራይ በጽሑፍ እንዲያስታውቅ ታዛለች። የሕጉ ምስጢር ቀላል ነው፤ የሚነገር ነገር ይታከማል።

የሞላሌ ባለ ሆቴል ይህን ሰምቶ «ትኋን ተገኘብኝ ብል ማን ያድርልኛል? ልጆቼንስ በምን አሳድራለሁ?» ቢለን እውነት አለው። አልጋ ማከራየት ለብዙ እናቶች መተዳደሪያ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን ሒሳቡን አብረን እናስላ። አንድ ክፍል ለጥቂት ሳምንታት ቢዘጋ የሚጎድለው የአንድ አልጋ ኪራይ ነው። ተደብቆ ቢከርም ግን ትኋኑ በግድግዳው ስንጥቅ ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛው ክፍል ያልፋል፤ ያን ጊዜ የሚዘጋው ቤቱ ሁሉ ነው። ደግሞም ዝምታው ባለቤቱ እንደሚያስበው አይጠበቅም። የተነከሰ ሹፌር ለባለ ሆቴሉ ባይነግር ለባልደረቦቹ ይነግራል፤ የቤቱም ስም በየመናኸሪያው ይጠፋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን።

በቁጥጥሩም በኩል መታረም ያለበት አለ ብለን እናምናለን። ትኋን እንዳለበት ራሱ ያስታወቀውና የደበቀው እኩል ከተቀጡ፥ ከእንግዲህ የሚያስታውቅ አይኖርም። ስለዚህ የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፥ በቤቱ ትኋን መገኘቱን ራሱ ያስታወቀ ባለ ሆቴል አይቀጣ፥ ቤቱም አይታሸግ፤ የተያዘው ክፍል ብቻ ተዘግቶ ባለሙያ ይላክለት፥ የሥራ ጊዜም ይሰጠው። ትኋን መኖሩን እያወቀ ያንን ክፍል ያከራየ ግን ይጠየቅ።

ሁለተኛ፥ እያንዳንዱ ማረፊያ ቤት አንድ ደብተር ይኑረው፤ የክፍሉ ቍጥር፥ የተፈተሸበት ቀን፥ የፈተሸው ሰውና ያገኘው ነገር ይጻፍበት። ተቆጣጣሪው ወደ ቤቱ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ደብተሩን ይሁን፤ «ተገኘ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ደብተርም ባዶ ከሆነው ይልቅ ይመስገን።

ሦስተኛ፥ አልጋ አንጣፊዋ ትኋን ስላገኘች ከደመወዟ አይቆረጥ፥ አትሰደብም። አልጋውን በየማለዳው የምትገልጠው እርሷ ናት። ያገኘችው ነገር ቅጣት እንደማያመጣባት ካወቀች ከማናቸውም ተቆጣጣሪ ቀድማ ታስታውቃለች። የቤቱን ጤና የያዘችው በእጇ ነውና ባትሪና ጥቂት ምስጋና ይሰጣት።

አራተኛ፥ የከተማው ባለ ሆቴሎች ተባብረው አንድ የእንፋሎት በርሜል በጋራ ያሠሩ፤ በተራም ይጠቀሙበት። ነዳጁ ይቆጠባል፤ አንዱ ሲያጸዳ ሌላው ስለሚያየውም ነገሩ ከምስጢርነት ይወጣል።

እንግዳውም ከኃላፊነት ነጻ አይደለም። ወደ ክፍሉ ሲገባ ሻንጣውን በአልጋው ላይ ሳያኖር በምስማር ላይ ይስቀል፤ ከመተኛቱ በፊት የፍራሹን ጥግ ይግለጥ። ትኋን ያየ እንደ ሆነ በሕዝብ ፊት ከመጮህ ይልቅ ባለቤቱን ለብቻው ጠርቶ ያሳየው፤ ሳይናገር ግን አይሂድ። ወደ ቤቱ ሲመለስም ልብሱን ከመኝታ ክፍል ውጭ አራግፎ ይቀቅል። ያልተናገረለት ትኋን የሚቀጥለውን መንገደኛ ይነክሳል፤ በሻንጣውም ገብቶ ልጆቹ ዘንድ ይደርሳል።

የመንዝ ሰው እንግዳን እግሩን አጥቦ፥ ያለውን ባና አልብሶ የሚያሳድር ሕዝብ ነው። የእንግዳ ክብር በገንዘብ በሚከራየው አልጋም ላይ ሊጠበቅ ይገባል። እንግዲህ ነገ ጧት እንግዶቻችሁ ሲሸኙ፥ ባትሪ ይዛችሁ የፍራሹን ስፌት ግለጡ። ምንም ካላገኛችሁ በደብተሩ ጻፉ፤ ካገኛችሁም ክፍሉን ዝጉና በዚያው ቀን ለጤና ጽሕፈት ቤት አስታውቁ።